የመድኃኒቱ ዱቄትና ጦስኙ፤ የዶሮና የአሣማ ቀለብ ነገር

ከጎፋ ወደ መካኒሳ፣ ከላፍቶም ወደ ለቡና ወደ ሀና ማርያም የሚሄድ ሰው፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ከአዲሶቹ ፎቆች ጀርባ አሁንም የላም ድምፅ ይሰማል፤ በቆርቆሮው አጥር ውስጥም የዶሮ ቤት አይጠፋም። የሌማት ትሩፋት የተባለው መርሐ ግብር በኅዳር ወር 2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ በጠባብ ግቢ ውስጥ ዶሮ ማርባት የጡረተኛውም የወጣቱም ሥራ ሆኗል። ይህ መልካም ነገር ነው። ነገር ግን የ45 ቀን ጫጩት ገዝቶ ወደ ቤቱ የሚገባ ሰው ከፉርሽካውና ከበቆሎው ጋር አንድ ሌላ ዕቃ አብሮ ይዞ መግባቱ ተለምዷል፤ ይኸውም በውሃ እየተበጠበጠ የሚሰጠው የመድኃኒት ዱቄት ነው። ዶሮዎቹ ቢያነጥሱም ይሰጣቸዋል፤ ባያነጥሱም “እንዳይታመሙ” ተብሎ ይሰጣቸዋል።

በዛሬው ጽሑፋችን የምንመረምረው ይህን ዱቄትና በርሱ ፈንታ ሊገቡ ይችላሉ የሚባሉትን የአገራችንን ዕፀዋት ነው። በውጭ አገር ይህ ክርክር በይበልጥ የሚነሣው ስለ አሣማ መኖ ነው። በእኛ አገር አብዛኛው ክርስቲያንም እስላሙም አሣማ ስለማይበላ እርባታው ጥቂት ነው። ቢሆንም የአሣማው ታሪክ ለዶሮአችንና ለላማችን ትምህርት ስለሚሆን ከርሱ መጀመር ይገባናል።

ነገሩ የተገኘው ባጋጣሚ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 ቶማስ ጁክስና ሮበርት ስቶክስታድ የሚባሉ ሁለት ሊቃውንት፣ በአሜሪካ በሌደርሊ የመድኃኒት ኩባንያ ሆነው ለጫጩት የሚሆን ርካሽ ቫይታሚን ይፈልጉ ነበር። ኩባንያው ኦሪዮማይሲን የሚባለውን አንቲባዮቲክ እንደ ጠላ እየጠመቀ ያወጣ ስለ ነበር ከጠመቃው የሚቀር አተላ ሞልቷል። አተላውን ለጫጩቶቹ ቢሰጧቸው ቫይታሚኑ ሊያሳድጋቸው ከሚችለው በላይ አደጉ። ይህን ያደረገችውም በአተላው ውስጥ ቀርታ የነበረችው ጥቂት መድኃኒት ሆና ተገኘች። ወሬው በ1950 ከተሰማ በኋላ የአሜሪካ ገበሬ መድኃኒቱን ለአሣማውም ለጥጃውም በመኖ እየቀላቀለ ይሰጥ ጀመር፤ ሌላውም ዓለም ተከተለው። አንባቢያችን ልብ ይበሉ፤ መድኃኒቱን የሚበላው እንስሳ የታመመ አይደለም። መጠኑም በሽታን ለመፈወስ ከሚሰጠው እጅግ ያነሰ ነው። ጤነኛውን እንስሳ ቶሎ ለማወፈር ሲባል ብቻ በየቀኑ ይቀለባል።

ታዲያ ጥቂት መድኃኒት እንዴት አድርጎ ሥጋን ያበዛል? እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ በእንግሊዝ አገር የተደረገ ፈተና የመልሱን ዋነኛ ክፍል ሰጥቷል። ብዙ ጊዜ ዶሮ በኖረበት አሮጌ ቤት ውስጥ ያሉ ጫጩቶች ፔኒሲሊን ሲሰጣቸው ፈጥነው አደጉ። ዶሮ ኖሮበት በማያውቅ አዲስ ቤት ውስጥ ለነበሩት ግን መድኃኒቱ ምንም አልጨመረላቸውም፤ ያለ መድኃኒትም ደኅና አድርገው ያድጉ ነበርና። በቆሸሸ ቤት የሚኖር እንስሳ ከሚበላው ከፊሉን፣ ሕመሙ ለዐይን ሳይታይ፣ በአንጀቱ ውስጥ ካሉት ባክቴሪያዎች ጋር ሲታገል ይጨርሰዋል። መድኃኒቱ የሚያደርገው ያንን ትግል ማቅለል ነው። እንግዲህ ዓለም ይህን ያህል ዘመን በመድኃኒት ዋጋ ሲገዛው የኖረው ነገር ከፊሉ የመጥረጊያና የአካፋ ሥራ ነበር ማለት ነው።

ዕዳው ግን ወደ ሰው ዞረ። ፔኒሲሊንን እ.ኤ.አ. በ1928 ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1945 የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል ባደረገው ንግግር፣ መድኃኒቱን ከሚገባው መጠን አሳንሶ የሚወስድ ሰው ባክቴሪያዎቹን ሳይገድል ያለማምዳቸዋል ሲል አስጠንቅቆ ነበር። በመኖ ውስጥ የሚደረገው ይኸው የተከለከለው ነገር ነው፤ ያውም በሚሊዮን በሚቈጠሩ እንስሳት ላይ፣ በየቀኑ። እ.ኤ.አ. በ2015 በቻይና በአሣማዎች ላይ ምርምር ያደርጉ የነበሩ ሊቃውንት፣ ሐኪሞች ሌላው ሁሉ እምቢ ሲላቸው በመጨረሻ የሚያወጡትን ኮሊስቲንን የሚቋቋሙ ባክቴሪያዎች አገኙ። ይህንንም ጠባይ አንዱ ባክቴሪያ ለሌላው የሚያቀብለው ሆኖ ተገኘ። በዓለም በጠቅላላው እ.ኤ.አ. በ2019 መድኃኒት በማይበግራቸው ባክቴሪያዎች ምክንያት የሞተው ሰው 1.27 ሚሊዮን ያህል እንደሚደርስ ተገምቷል።

ወደ ከተማችን ስንመለስ ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ እንዳልሆነ እናያለን። በአዲስ አበባ ከሱፐር ማርኬቶች ከተወሰደ ምግብና ከሠራተኞቻቸው የተገኙ 98 የሳልሞኔላ ባክቴሪያዎች ተመርምረው ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2009 ሲታተም፣ ከመቶው 32.7 የሚሆኑት ቢያንስ አንድ መድኃኒት አይበግራቸውም ነበር። በብዛት የተቋቋሟቸውም ስትሬፕቶማይሲን፣ አምፒሲሊንና ቴትራሳይክሊን ናቸው፤ ስማቸው ለማንኛውም የጤና ጣቢያ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በአዲስ አበባ፣ በደብረ ዘይትና በናዝሬት ቄራዎች ከታረዱ ከብቶች 384 ናሙና ወስዶ ቢመረምር ከመቶው በ71.3 ውስጥ ኦክሲቴትራሳይክሊን አገኘ። ከአዲስ አበባው ሥጋ ብቻ ሲታይ 93.8 ከመቶ ነው። የወተት ሰዎች ይህን ነገር ያለ ላቦራቶሪ ይረዱታል፤ መድኃኒት ያለበት ወተት እርሾው ስለሚሞትበት እርጎ ሆኖ አይረጋምና።

እንግዲህ በእኛ አገር መድኃኒቱ የሚገባው እንደ አሜሪካው በመኖ ፋብሪካ ሳይሆን በባለቤቱ እጅ፣ በዶሮ መጠጫ ውስጥ ነው። ሥራው ግን ያው ነው። ከሁሉ የሚያሳዝነው በፈንግል ጊዜ የሚደረገው ነው። ፈንግል የቫይረስ በሽታ ስለሆነ ማንኛውም አንቲባዮቲክ አይነካውም። መከላከያው ክትባት ነው፤ ክትባቱም እዚሁ በቢሾፍቱ በብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ይሠራል። ባለ ዶሮው ግን ሦስት ዶሮ ሲሞትበት ሮጦ ዱቄቱን ይገዛል፤ ዶሮዎቹ ይሞታሉ፤ ገንዘቡም ይጠፋል፤ የቀሩት ባክቴሪያዎች መድኃኒቱን ተምረውት ይቀራሉ። የእንስሳት መድኃኒትና መኖ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 728 ከወጣ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ሕግ የለም ማለት አይቻልም። ሕጉ በየግቢው የመጠጫ ዕቃ ድረስ የሚወርደው ግን ባለ ዶሮው ሌላ መንገድ ሲያገኝ ነው።

ሌላውን መንገድ ቀድመው የሄዱበት ባለ አሣማዎቹ ናቸው። ስዊድን ለማሳደጊያ የሚሰጠውን አንቲባዮቲክ እ.ኤ.አ. በ1986 ከለከለች። ከሰው ይልቅ አሣማ የሚበዛባት ዴንማርክ በ1990ዎቹ ተከተለቻት፤ የኤሮፓ ኅብረትም በ2006 መጀመሪያ ፈጽሞ ከለከለ። በዴንማርክ ለሚታረዱት ትልልቅ አሣማዎች ብዙ ችግር አልመጣም። ከእናታቸው በተለዩት ግልገሎች ላይ ግን ተቅማጥ በዛ፤ ለሕክምና የሚሰጠውም መድኃኒት ጨመረ። ነገሩ የተሻሻለው ግልገሎቹ ዘግይተው ጡት እንዲተዉ ሲደረግ፣ ቦታ ሲሰፋላቸው፣ መኗቸውም ሲስተካከል ነው። ቻይና ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 የማሳደጊያ መድኃኒቶችን ከመኖ ስታስወጣ የራሷን የባህል ዕፀዋት ከክልከላው ለይታ አስቀረቻቸው። ለእኛ ይህ የሚያስቀና ነው፤ የዕፀዋት ሀብት እኛም አለንና።

ከሀብታችን ተስፋ የሚጣልበት ጦስኝ ነው። በባሌ፣ በመንዝና በሌሎችም ደጋዎች የሚበቅለው ጦስኝ፣ ኤሮፓውያን ለአሣማና ለዶሮ መኖ በብዛት የሚሞክሩት የኦሬጋኖ ዘይት ያሉት ካርቫክሮልና ታይሞል የሚባሉት ቅመሞች አሉበት። እነዚህ የባክቴሪያውን ሽፋን እየሰረሰሩ ውስጡን ያፈስሱታል። ነጭ ሽንኩርትም ኃይል አለው፤ ነገር ግን ኃይሉ የሚፈጠረው ሲወቀጥ ነው፤ ሳይወቀጥ የተቀቀለ ሽንኩርት አብዛኛውን ጉልበቱን ያጣል። ጥቁር አዝሙድ፣ ዝንጅብልና እርድም በየአገሩ በዶሮ ላይ ተፈትነዋል። ውጤቱን በእውነት ለመናገር፣ በአንዳንዱ ፈተና ዶሮዎቹ መጠነኛ ዕድገት አሳይተዋል፤ በአንዳንዱም ምንም ለውጥ አልታየም። የዚህ ምክንያቱ ስውር አይደለም። የአንድ ተራራ ጦስኝ ከሌላው ተራራ ጦስኝ በዘይቱ ይለያል፤ በአበባው ጊዜ የተለቀመውም ከሌላ ጊዜው ይለያል። በአሣማ ዘንድ ደግሞ ዘይቱ ታችኛው አንጀት ሳይደርስ ከላይ ስለሚመጠጥ በውጭ አገር በስብ እየሸፈኑ ይሰጡታል። ንጹሕ ቤት ውስጥ የተፈተነም እንደ ሆነ፣ ፔኒሲሊንም በንጹሕ ቤት ምንም እንዳልጨመረ ከላይ አይተናል።

“ዕፅ ስለሆነ አይጎዳም” የሚለውን ቃል እኛ አንቀበለውም። ጤና አዳም በቡና ላይ ጣል ሲደረግ ደስ ያሰኛል፤ ሲበዛ ግን ፅንስ ያስወርዳል። ነጭ ሽንኩርትም ከልክ ሲያልፍ የእንስሳን ደም ይጎዳል። ኮሶ ጠጥቶ የሚያውቅ የአባቶቻችን ትውልድ የመጠንን ነገር ማንም ሳያስተምረው ያውቀው ነበር።

ሒሳቡንም እናስላው። አንድ እንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም መኖ ትበላለች። መቶ ዶሮ ያለው ሰው በቀን ወደ 12 ኪሎ ያበላል ማለት ነው። ከዚህ ላይ አንድ ከመቶ የነጭ ሽንኩርት ዱቄት ይግባ ቢባል በቀን 120 ግራም ይሆናል። እርጥቡ ሽንኩርት ከግማሹ በላይ ውሃ ስለሆነ ለዚህ ዱቄት በቀን 350 ግራም ያህል፣ በወር ከ10 ኪሎ በላይ ይፈልጋል። ለወጥ እንኳ የሚሰሳለትን ሽንኩርት ለዶሮ በወር 10 ኪሎ የሚያወጣ የጀሞ ነዋሪ አይገኝም። ስለዚህ ምርምሩ ወደ ልጣጩ፣ ወደ ግንዱና ከቅመም መፍጫ ወደሚቀረው ገለባ ቢዞር ይሻላል፤ የጁክስም ግኝት የተገኘው ከአተላ ነው።

አገራችን ዕፅን ከወንዝ ዳር ወደ ላቦራቶሪ የማድረስ ልምድ የላትም የሚል ሰው ቢኖር እንዶድን ያስታውስ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዐድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ነበር፤ ቀንድ አውጣው ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈው ነው። ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ደክመውበት እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። ከማየት እስከ መሸለም 25 ዓመት ሄደ ማለት ነው፤ አብዛኛውም ዘመን ያለፈው መጠኑንና ጉዳቱን ደጋግሞ በመለካት ነው።

ለዶሮው ነገር ግን 25 ዓመት መጠበቅ አያስፈልግም። በቢሾፍቱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅ አለ፤ የደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከልም በዶሮ ላይ ይሠራል፤ በወንዶ ገነት ደግሞ መዓዛማና መድኃኒታዊ ዕፀዋት ይጠናሉ። ላፍቶ ከቢሾፍቱ የአንድ ሰዓት መንገድ ያህል ናት። አንድ ተማሪ በአንድ ግቢ ውስጥ ያሉትን የ45 ቀን ጫጩቶች ለሦስት ከፍሎ፣ ለአንዱ ተራ መኖ፣ ለሁለተኛው ጦስኝ የገባበት መኖ፣ ለሦስተኛው ተራ መኖ ሆኖ ጉዝጓዙ በየሳምንቱ የሚለወጥ ንጹሕ ቤት ቢሰጥ፣ ሦስቱንም በፈንግል ክትባት ጠብቆ በየሳምንቱ ቢመዝናቸው፣ በአንድ ክረምት ውስጥ የሚያወራው ነገር ያገኛል። ሦስተኛው ክፍል ያሸንፋል ብለን እንገምታለን። የክፍለ ከተማው የእርሻ ሹማምንትም ስንት ጫጩት እንደ ታደለ በሚጽፉበት መዝገብ ላይ ስንቱ እንደ ተከተበና ስንት ብር ለመድኃኒት ዱቄት እንደ ወጣ የሚያሳይ ዐምድ ቢጨምሩ ወረቀቱ አይጠብባቸውም።

ጦስኙ ያሸነፈ እንደ ሆነም አንድ ጉዳይ ይቀራል። ዛሬ በገበያ የምናገኘው ጦስኝ አብዛኛው ከተራራ ተለቅሞ የሚመጣ ነው። የአዲስ አበባ ዶሮ ሁሉ ጦስኝ ይብላ ከተባለ የመንዝና የባሌ ሜዳ ባጭር ጊዜ ይራቆታል። ስለዚህ መኖው ከመቀላቀሉ በፊት ችግኙ መፍላት ይኖርበታል።