ስለ ተሰረዙ ፋይሎችና ስለ አመላለሳቸው

ባለፈው ዓመት ከጓደኞቻችን አንዱ ለመመረቂያ ጽሑፉ በአገሩ ሽማግሌዎች ዘንድ እየዞረ 23 ቃለ መጠይቆችን በድምፅ መቅረጫ ይዞ ተመለሰ። ድምፆቹንም በቤቱ ወዳለው ኮምፒዩተር ከገለበጠ በኋላ የመቅረጫውን ካርድ ፎርማት አድርጎ ሁለት አዳዲስ ቃለ መጠይቆችን ቀረጸበት። ከጥቂት ቀንም በኋላ ታናሽ ወንድሙ ለፊልም ቦታ ሲፈልግ የድምፆቹን ፎልደር፥ ሺፍትና ዲሊት የሚባሉትን ቁልፎች አብሮ ተጭኖ፥ ጠቅልሎ ሰረዘው። ከተናጋሪዎቹ አንዱ አዛውንት በዚያው ሰሞን ዐርፈው ስለ ነበረ ነገሩ ተመልሶ በመጠየቅ ብቻ የሚቃና አልነበረም። እኛም ጓደኛችንን ለመርዳት ስንሞክር ያየነውን በዚህ ጽሑፍ ለአንባቢዎቻችን ለማስረዳት እንሞክራለን።

መሰረዝ የሚለው ቃል ራሱ ሰውን ያሳስታል። በወረቀት ላይ የተጻፈ ነገር ሲፋቅ የሚነካው ጽሕፈቱ ነው፤ በኮምፒዩተር ግን የሚነካው ማውጫው ነው። ይህን በቤተ መጻሕፍት ምሳሌ መረዳት ይቻላል። መጽሐፉ በመደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ሳለ ስፍራውን የሚያመለክተው ካርድ በመሳቢያ ውስጥ ይገኛል። ፋይል ሲሰረዝ ኮምፒዩተሩ በካርዱ ላይ ምልክት አድርጎ የመደርደሪያውን ስፍራ ባዶ ነው ብሎ ይመዘግባል እንጂ መጽሐፉን አያወርደውም። ይህንም የሚያደርገው ለፍጥነት ነው፤ ሁለት መቶ ሜጋባይት ሙሉ ከመፋቅ ጥቂት ባይቶችን መለወጥ እጅግ ይቀላልና። መጽሐፉ በእውነት የሚጠፋው ሌላ መጽሐፍ በስፍራው ሲተካ ነው።

ለምሳሌ ያህል በካርዶችና በፍላሽ ዲስኮች ላይ በብዛት የሚገኘውን፥ ፋት የሚባለውን የአመዘጋገብ ሥርዓት እንመልከት። በዚህ ሥርዓት ፋይሉ ሲሰረዝ የስሙ የመጀመሪያ ፊደል ተነሥቶ በምትኩ 229 የሚለው ቁጥር ይገባል። እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1991 የወጣው ኤም ኤስ ዶስ 5.0 የተሰረዘ ፋይል ሲመልስ የስሙ የመጀመሪያ ፊደል ምን እንደ ነበረ ባለቤቱን ይጠይቅ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው። ካርዱ በፍጥነት ፎርማት የተደረገ እንደ ሆነ ግን ምልክት ማድረግ ቀርቶ የማውጫው መሳቢያ በሙሉ ይራገፋል። እንዲያም ሆኖ መጻሕፍቱ በመደርደሪያቸው ላይ ይቆያሉ።

ሪሳይክል ቢን ስለሚባለው ቅርጫት ብዙ መናገር አያስፈልግም። በዚያ ያለ ፋይል ስፍራ ለወጠ እንጂ አልተሰረዘም፤ ከዚያው ማውጣት ይቻላል። ነገር ግን ሺፍት አብሮ ከተጫኑ፥ ወይም ፋይሉ የነበረው በፍላሽ ላይ ከሆነ፥ ብዙውን ጊዜ ወደ ቅርጫቱ ሳይገባ ያልፋል።

ሥራችንን የጀመርነው ከቤት ኮምፒዩተሩ ነበር። ከዚያም አንድ ድምፅ እንኳ አላገኘንም። ምክንያቱ የዲስኩ ዓይነት ነው። በሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ላይ አዲሱ ጽሕፈት በአሮጌው ላይ እንዲሁ ይጻፋል፤ ስለዚህ አሮጌውን አስቀድሞ መፋቅ አያስፈልግም። ኤስ ኤስ ዲ የሚባለው ዲስክ ግን የተጻፈበትን ስፍራ አስቀድሞ ሳያጸዳ እንደገና ሊጽፍበት አይችልም፤ ማጽዳቱም ጊዜ ይፈጃል። ስለዚህ ኮምፒዩተሩ ፋይል ሲሰርዝ ትሪም በሚባል ትእዛዝ የትኛው ስፍራ እንደ ተለቀቀ ለዲስኩ ይነግረዋል፤ ዲስኩም በራሱ ጊዜ ያጸዳዋል። ዊንዶውስ ይህን ትእዛዝ መስጠት የጀመረው እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ2009 በወጣው በዊንዶውስ 7 ነው። ከዚህ በኋላ ስፍራው ሲነበብ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ዜሮ ብቻ ነው። «የተሰረዘ ፋይል ምን ጊዜም ይመለሳል» እያሉ የሚያጽናኑን ሰዎች፥ በእኛ አስተያየት፥ ስለ አሮጌው ዲስክ እየተናገሩ ነው።

የቀረን ካርዱ ነበር። ጓደኛችን ነገሩን እንደ ሰማ ካርዱን ከመቅረጫው አውጥቶ ማስቀመጡ እጅግ ጠቀመን፤ አንድ ተጨማሪ ደቂቃ ቢቀርጽ ኖሮ ከአምስት ሜጋባይት የሚበልጥ ስፍራ በላዩ ይጻፍበት ነበር። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው፤ ፋይሉን የሚመልሰውን ፕሮግራም ፋይሉ በጠፋበት በዚያው ዲስክ ላይ ይጭናል፤ የሚጭነውም ፕሮግራም የሚፈልገውን ፋይል ይሸፍንበታል።

የተጠቀምንበት ፎቶሬክ የሚባለው የክሪስቶፍ ግርኒየ ነፃ ፕሮግራም ነው። ይህ ፕሮግራም ማውጫውን ትቶ መደርደሪያውን ከዳር እስከ ዳር ያነባል፤ እያንዳንዱ የፋይል ዓይነት በራስጌው የሚታወቅበት ምልክት አለውና። የዌቭ ድምፅ «አር፥ አይ፥ ኤፍ፥ ኤፍ» በሚሉት አራት የላቲን ፊደላት ይጀምራል፤ ቀጥሎም የፋይሉ ርዝመት ተጽፎ ይገኛል። ዛሬ የምንጽፍባቸው የወርድ ሰነዶች ደግሞ «ፒ» እና «ኬ» በሚሉ ፊደላት ይጀምራሉ፤ እነዚህም ዚፕ የሚባለውን አሠራር የፈጠረው የፊል ካትዝ የስሙ መነሻ ፊደላት ናቸው። ፎቶሬክ ካርዱን ያነባል እንጂ አይጽፍበትም፤ ያገኘውንም በሌላ ዲስክ ላይ እንዲያኖር አደረግን።

በዚህ ሁኔታ 18 ቀረጻዎች ሙሉ ሆነው ወጡ። አንዱ የአርባ ደቂቃ ቀረጻ በ32 ኪሎባይት ክፍሎች ሲቈረጥ ወደ 6460 ክፍሎች ይሆናል፤ እነዚህ ክፍሎች ተበታትነው ቢሆን ኖሮ ያለ ማውጫ ማገጣጠም ባልተቻለ ነበር። መቅረጫው ግን በባዶ ካርድ ላይ በተከታታይ ስለ ጻፈ ሁሉም ተያይዘው ተገኙ። ሁለቱ አዳዲስ ቃለ መጠይቆች እያንዳንዳቸው ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ስለ ነበሩ የካርዱን መጀመሪያ ይዘዋል፤ ከ1ኛው እስከ 4ኛው ያሉት ቀረጻዎች ፈጽመው ጠፍተዋል። የ5ኛው ራስጌ ስለ ተሸፈነ ፎቶሬክ ሊያውቀው አልቻለም፤ ነገር ግን ዌቭ ያልታመቀ ድምፅ ስለ ሆነ ያን የካርዱን ክፍል እንዳለ አውጥተን ኦዳሲቲ በሚባለው ፕሮግራም እንደ ጥሬ ድምፅ ከፈትነው። የመጨረሻዎቹ 11 ደቂቃዎች ከአንድ ዐረፍተ ነገር መካከል ጀምረው ጥርት ብለው ተሰሙ።

ፎቶሬክ የፋይሎቹን ስም ስለማይመልስ ሁሉም ቁጥር ብቻ ተሰጥቷቸው ነበር። ማን ማን እንደ ሆነ ለመለየት እያንዳንዱን ተቀምጠን ማዳመጥ ነበረብን፤ ይህም ሦስት ምሽት ፈጀ። የሟቹን ድምፅ ጠብቀን ነበር፤ አልመጣም። የጓደኛችንን ደብተር ብንመለከት የእሳቸው ቀረጻ 3ኛው ነበር። አሁን ከቃላቸው የተረፈው በዚያው ደብተር በእርሳስ የተያዘው ሁለት ገጽ ማስታወሻ ነው፤ በመመረቂያ ጽሑፉም ውስጥ የገባው ይኸው ነው።