ነፃ ተብሎ ያልነጻ ደም

ጂንካ ፍርድ ቤት ግቢ ውስጥ ተራውን የሚጠብቅ ባለጉዳይ ከየት እንደመጣ አቀማመጡ ይናገራል። የከተማው ሰው ሰነዱን በፌስታል ጠቅልሎ አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ከሐመር ወይም ከበና የመጣው ሽማግሌ አንጠልጥሎት የመጣውን ቦርኮቶ፣ ትንሿን የእንጨት መቀመጫ፣ ጥላ ፈልጎ ያኖርና እሱ ላይ ይቀመጣል። ጉዳዩ የሰው ነፍስ ሲሆን ደግሞ ጥላው ሁለት ይሆናል፤ የሟች ወገን ወዲህ፣ የተከሳሽ ወገን ወዲያ። ከዚያ መዝገቡ ይጠራል። ዳኛው ያነባሉ፣ አስተርጓሚው ይከተላል፦ ተከሳሹ መከላከል ሳያስፈልገው በነፃ ይሰናበት። ሁለቱም ወገን ግቢውን ለቆ ይወጣል፤ ጉዳዩ ግን አብሯቸው ነው የሚሄደው።

ለሕግ ሰው ያ ዓረፍተ ነገር ስለ ማስረጃ ነው። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 141 እንደሚለው፣ ዐቃቤ ሕግ ምስክሮቹን አሰምቶ ሲጨርስ ክሱ ካልተረጋገጠ ዳኛው የመከላከያ ምስክር አይጠሩም፤ ያሰናብታሉ። ተከሳሽ እስኪፈረድበት ድረስ እንደ ጥፋተኛ አይቆጠርም የሚለው ሕገ መንግሥታዊ መብትም ይኸው ነው። ዳኛው «አልገደለም» አላሉም። «መግደሉ አልተረጋገጠልኝም» ነው ያሉት። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሕግ ትምህርት ቤት ውስጥ ግልጽ ነው፤ ዛፉ ጥላ ሥር ግን አይታይም።

አማርኛችንም አላገዘንም። «ነፃ» የምንለው ቃል ከ«ንጹሕ» ጋር ሥሩ አንድ ነው። «በነፃ ወጣ» ሲባል ጆሯችን የሚሰማው «ንጹሕ ነው» የሚለውን ነው። ስኮትላንዶች ለዘመናት «ጥፋተኛ አይደለም» ከሚለው ሌላ «አልተረጋገጠም» የሚል ሦስተኛ ብይን ነበራቸው፤ እሱም ቢሆን ከሐሜት ስላላዳነ ሲነቀፍ ኖሯል። እኛ ያለን አንድ ቃል ነው። ያ አንድ ቃል ደቡብ ኦሞ ሲደርስ ደግሞ ሌላ የንጽሕና ትርጉም ያለበት አገር ውስጥ ይገባል። በአብዛኞቹ የዞኑ ሕዝቦች ዘንድ የሰው ደም የነካው ሰው ርኩሰት አለበት። ያ ርኩሰት ወደ ቤቱ፣ ወደ ከብቱ፣ ወደ ልጆቹ ይሻገራል ተብሎ ይፈራል። የሚነሣው ሽማግሌዎች ተቀምጠው፣ ከብት ታርዶ፣ ካሳ ተቆርጦ፣ ሁለቱ ወገኖች አብረው ሲቀምሱ ነው። ስለዚህ ዳኛው «ነፃ» ሲሉ አድማጩ «ማን አነጻው? በየትኛው ፍየል?» ቢል ጥያቄው ከኋላ ቀርነት የመጣ አይደለም። ቃሉን ከእኛ በላይ በጥሬው መያዙ ነው።

በነፃ መሰናበትና መንጻት ተለያይተው አገር ያከራከሩበት ትልቁ መዝገብ ግን የጂንካ አይደለም፤ የአርሲ ነው። በ1980ዎቹ መገባደጃ ላይ፣ ቀርሳ አካባቢ፣ የ14 ዓመቷ አበራሽ በቀለ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ፈረሰኞች ጠለፏት። ጠላፊዋ ዕድሜው እጥፏ ነበር። ተደፈረች፣ ተዘጋባት። የጠላፊውን ጠመንጃ አገኘችና ይዛ ሸሸች። ሲያሳድዷት ለማስጠንቀቅ ተኮሰች፤ አልተመለሱም። ሲደርስባት ገደለችው። ዐቃቤ ሕግ በግድያ ከሰሳት። በወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ይመራ የነበረው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጠበቃ አቆመላት፤ ክርክሩም ሁለት ዓመት ገደማ ፈጀ። በመጨረሻ ፍርድ ቤቱ ራሷን ለመከላከል ያደረገችው ነው ብሎ በነፃ አሰናበታት።

አዲስ አበባ ብዙ ሰው እሰይ አለ። አርሲ ላይ የሟች ወገን የሰማው ሌላ ነው። በእነሱ ዓይን ጠለፋ የጋብቻ መንገድ ነው፤ ወጣቱ ሚስት ሊያገባ ወጥቶ ነው የሞተው፤ ደሙ ፈሰሰ፣ ማንም አልተጠየቀም። ሽማግሌዎቹ በራሳቸው ሸንጎ ነገሩን አይተው ቤተሰቧ ካሳ እንዲከፍል፣ እሷም ከአካባቢው እንድትርቅ ወሰኑ። መንግሥት ነፃ ያላት ልጅ የወላጆቿ ቤት መግባት አልቻለችም።

እዚህ ላይ መንደሩን ብቻ መውቀስ ይቀልላል። እውነቱ ግን የመንደሩ አስተሳሰብ በመንግሥት ሕግ መጽሐፍም ውስጥ ተጽፎ ነበር። በወቅቱ ይሠራ የነበረው የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የጠለፋን ቅጣት ከ3 ዓመት የማያልፍ አድርጎት ነበር፤ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ደግሞ ክሱ ይቀር ነበር። ጠለፋ የጋብቻ በር ነው ያለው እንግዲህ የገጠር ሽማግሌ ብቻ አልነበረም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ያንን በር ዘጋው፤ በአንቀጽ 587 ቅጣቱን ከ3 እስከ 10 ዓመት አደረሰው፤ ጋብቻም ከክስ እንዳያድን ደነገገ። የአበራሽ መዝገብ ከሕግ ለውጡ በፊት ሕዝቡን ካነቃቁት ጉዳዮች ዋነኛው ነው ቢባል ማጋነን አይመስለኝም። ያኔ ማኅበሩን ይመሩ የነበሩት ወይዘሮ መዓዛም ከዓመታት በኋላ፣ ጥቅምት 2011፣ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆኑ።

ታሪኩን ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» ብሎ ፊልም አደረገው። ነሐሴ 2006 አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ ታዳሚው ቦታ ቦታውን ይዞ ሳለ የፍርድ ቤት ዕግድ መጣና መጋረጃው ሳይገለጥ ቀረ። ጥያቄው «ታሪኩ የማን ነው?» የሚል ነበር። በነፃ ከተሰናበተች ከ15 ዓመት በላይ አልፏት ነበር፤ አበራሽ ስለ ራሷ ሕይወት ያኔም ፍርድ ቤት ደጅ ላይ ነበረች።

ይህን ሁሉ የማነሣው ደቡብ ኦሞን በልዩ መነጽር የማየት ልማድ ስላለን ነው። በሬ ዝላይ፣ የከንፈር ሸክላ፣ ከዚያ ፎቶ። የነፍስ ግድያ ክርክሩ ግን ከአርሲው ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ ልዩነቱ እዚህ ደጋግሞ፣ ካሜራ በሌለበት መካሄዱ ነው። ለምሳሌ የምስክር ጉዳይ። ከኦሞራቴ ወይም ከካንጋቴን ጂንካ ድረስ ምስክር ማምጣት የአንድ ቀን ነገር አይደለም፤ ሲዘንብ ደግሞ የጅረቱ ፈቃድ ይጠየቃል። ከመንገዱ የሚብሰው ዕርቁ ነው። ሁለቱ ወገኖች ካሳ ተቀባብለው ከታረቁ በኋላ መስክር ማለት ዕርቁን አፍርስ ማለት ነው። ምስክሩ መጥቶ «አላየሁም» ይላል። ፖሊስ ጣቢያ የሰጠው ቃል ሲነበብለት «አላስታውስም» ይላል። ዐቃቤ ሕጉ ይናደዳል፤ ዳኛው የቀራቸው አንቀጽ 141 ነው።

ተቃራኒውም አለ። ተከሳሹ ተፈርዶበት ዓመታት ታስሮ ሲመለስ የሟች ወንድም አሁንም ይጠብቀዋል፤ ምክንያቱም እስሩ ለመንግሥት የተከፈለ እንጂ ለሟች ቤት የተከፈለ አይደለም። ማረሚያ ቤት ያበላው ሰው ለእነሱ አንዲት ጥጃ አላመጣላቸውም። ሱዛን ኤፕሌና ጌታቸው አሰፋ በ2020 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የኢትዮጵያ የሕግ ብዝኃነት መድበል ውስጥ ዮሐንስ ይትባረክ ስለ ዳሰነች የጻፈው ይህንኑ ነው፤ ሁለት የፍትሕ ሥርዓቶች አንዱ ሌላውን እንዳላየ ሲያልፈው የወንጀል ጉዳዩ በሁለቱም በኩል ሳይቋጭ ይቀራል። ያ ጽሑፍ በየወረዳው ችሎት ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጥ እመኛለሁ።

የሽማግሌዎቹን ሸንጎ ግን ማሞካሸት አልፈልግም። አበራሽን ያባረረው እሱ ነው። በዕርቅ ስም ሴት ልጅ ለሟች ቤት የምትሰጥበት ልማድ በአገራችን ከአንድ ቦታ በላይ ነበር። በሐመር፣ በበናና በካራ «ሚንጊ»፣ ማለትም መዓት ያመጣሉ፣ የተባሉ ሕፃናት ሲጣሉም ሽማግሌ ነበረ፤ ካራዎች ልማዱን መተዋቸውን ያወጁት በ2004 ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ላይ ለባህላዊ ዳኝነት በር የከፈተው ለቤተሰብና ለግል ጉዳዮች፣ ያውም በተከራካሪዎች ፈቃድ ብቻ ነው። ነፍስ ግድያን ለሸንጎ አሳልፎ አልሰጠም፤ ጥሩ አደረገ።

ታዲያ የሟች ወገን የት ይሂድ? በአሜሪካ ጁሪ ነፃ ያለውን ሰው ዐቃቤ ሕግ በይግባኝ አይነካውም። በእኛ ሕግ ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ ማለት ይችላል። የሟች እናት ግን አትችልም፤ ዐቃቤ ሕጉ ከተወው አለቀ። እንግዲህ ከግቢው ወጥታ የምትሰማው ድምፅ የወንድሟ ልጅ ነው፤ እሱ ደግሞ ጠመንጃ አለው።

ሕግ ያኖረው፣ ማንም የማይጠጋው አንድ በር አለ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2149 የካሳ ጥያቄ የቀረበለት ዳኛ በወንጀል ችሎቱ የነፃ ብይን እንደማይታሰር ይናገራል። ኦ ጄ ሲምፕሰን በ1995 እ.ኤ.አ. በወንጀል ነፃ ተብሎ በ1997 በፍትሐ ብሔር ካሳ ክፈል የተባለበት መንገድ ዓይነት ማለት ነው። በወንጀል ችሎት ያልበቃ ማስረጃ እዚያ ሊበቃ ይችላል። ካሳ ደግሞ ለደቡብ ኦሞ ሰው እንግዳ ቃል አይደለም፤ ከመንግሥት ሕግ ሁሉ ይልቅ የሚገባው ይኸኛው ነው። ሽማግሌ በከብት የሚቆጥረውን ፍርድ ቤት በብር ቢቆጥረው ዕርቁም ሕጉም አንድ ጠረጴዛ ላይ ይገናኙ ነበር። ነገር ግን ያንን ክስ ለመጻፍ ጠበቃ ይፈልጋል፤ አማርኛ ይፈልጋል፤ ከሁሉ በፊት በሩ መኖሩን የሚነግር ሰው ይፈልጋል።

ወደ አስተርጓሚው ልመለስ። ተከሳሽ ክርክሩ በማይገባው ቋንቋ ሲካሄድ በመንግሥት ወጪ እንዲተረጎምለት ሕገ መንግሥቱ ያዛል፤ ያ መብት ግን የተከሳሹ ነው። ከኋላ ቆማ የምታዳምጠው የሟች እናት የሚደርሳት ቁራሹ ነው። ዳኛው አምስት ገጽ ያነባሉ፦ የትኛው ምስክር ምን እንዳለ፣ የሕክምና ማስረጃው ምን እንደጎደለው፣ ጥርጣሬው የት ላይ እንደተፈጠረ። አምስቱ ገጽ ወደ ሐመርኛ ወይም ወደ ዳሰነችኛ ሲሻገር ስንት ዓረፍተ ነገር ይሆናል? «ነፃ»ንስ በምን ይተረጉመዋል? «ንጹሕ ነህ» ቢል ሽማግሌው ይስቅበታል። «አልገደልክም» ቢል ዳኛው ያላሉትን አለ። ምናልባት የሚቀለው «ዳኛው ሂድ ብሎሃል» ማለት ነው፤ ከእውነቱም ብዙ አይርቅም።

ሰውየውም ይሄዳል። ግን ወዴት? መናኸሪያው ቅርብ ነው፤ የዲመካ መኪና ከሞላ ይነሣል። ያልታረቀ ሰው ግን ያንን መኪና አይሳፈርም። ጂንካ ይቀራል፤ ዘበኝነት ይፈልጋል፣ ጉልት አጠገብ ዕቃ ይሸከማል፣ ቅዳሜ ገበያ ሲወጣ ከቆላ የመጡትን ፊት በሩቁ እያየ መንገዱን ይቀይራል።