የሥነ ልቦና ሕክምና ሲያልቅ ምን ይሆናል?

ከሁለት ዓመት በፊት የመመረቂያ ጥናቴ አልገፋ ብሎኝ፣ እንቅልፍም አጥቼ፣ ወደ አንዲት የሥነ ልቦና ባለሙያ ሄድኩ። ሰባት ጊዜ ተገናኘን። እንቅልፌ ሲመለስ ስምንተኛው ቀጠሮ ላይ ቀረሁ፤ ስትደውልም ስልኩን አላነሳሁም። “ድኛለሁ እኮ፣ ምን ብዬ ነው የማወራት?” አልኩ ለራሴ። እውነቱን ለመናገር ግን ይሉኝታ ይዞኝ ነው፤ “በቃኝ” ማለት ውለታ ቢስነት መሰለኝ። ወራት ቆይቶ ጭንቀቱ ሲመለስ ደግሞ መልሼ ለመደወል አፈርኩ።

እንዲህ የሚያደርግ ሰው ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመና 669 ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ሥራ፣ ከአምስት ታካሚዎች አንዱ ገደማ ሕክምናውን ሳይጨርስ እንደሚያቋርጥ አሳይቷል። ታዲያ “መጨረስ” ማለት ምን ማለት ነው?

ካሳፎርማው መቼ ይነሳል?

ሲቪል መሐንዲስ ስለሆንኩ ነገሩ የገባኝ በኮንክሪት በኩል ነው። ሶሌታ ሲሞላ ከሥሩ ካሳፎርማና የባህር ዛፍ ድጋፍ ይደረግለታል። ድጋፉ ቶሎ ከተነሳ ሶሌታው ሊሰነጠቅ፣ ብሎም ሊወድቅ ይችላል። ጨርሶ ካልተነሳ ደግሞ ቤቱ አይኖርበትም። ስለዚህ “ስንት ቀን ሆነው?” ብለን ብቻ አናቆምም፤ “ራሱን መሸከም ችሏል ወይ?” ብለን የናሙናውን ጥንካሬ እንፈትሻለን።

የንግግር ሕክምናም እንደዚያው ነው። ለምሳሌ የአስተሳሰብና የባህርይ ሕክምና የሚባለው ዘዴ ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 20 ቀጠሮ ይወስዳል። ታካሚው የሚያስጨንቀውን ሐሳብ ለይቶ መያዝ፣ ማስረጃውን መመርመርና በተግባር መሞከር ይማራል። ወደ መጨረሻው አካባቢ ቀጠሮው ከሳምንት ወደ ሁለት ሳምንት፣ ከዚያም ወደ ወር እየሰፋ ሊሄድ ይችላል። ይህ ድጋፉን ቀስ በቀስ እያላሉ መፈተሽ ነው።

ትምህርቱ ከሕክምናው በኋላም እንደሚቀር ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት ከከባድ ወይም ከመካከለኛ ድባቴ ያገገሙ ሰዎችን ለአንድ ዓመት ተከታትሏል። በዚህ የንግግር ሕክምና አገግመው ካቆሙት ውስጥ 31 በመቶው ሲያገረሽባቸው፣ በመድኃኒት አገግመው መድኃኒቱን ካቆሙት ውስጥ ግን 76 በመቶው አገረሸባቸው። (ይህ “መድኃኒት አቁሙ” ማለት አይደለም፤ መድኃኒት የሚቆመው ከሐኪም ጋር በመመካከር ብቻ ነው።)

ፍሮይድና ቀነ ገደቡ

ጥያቄው አዲስ አይደለም። ሲግመንድ ፍሮይድ እ.ኤ.አ. ከ1910 ጀምሮ አንድ ሀብታም ሩሲያዊ ወጣት ያክም ነበር። ሕክምናው ሲንቀራፈፍበት “ከዚህ ቀን አያልፍም” ብሎ ገደብ አስቀመጠ፤ በ1914 ተለያዩ። ፍሮይድ ሰውየው ድኗል ብሎ ነበር፤ ሰውየው ግን በ1919 ወደ እሱ፣ በ1926 ደግሞ ወደ ሌላ ባለሙያ ተመለሰ። ፍሮይድ ራሱ በ1937 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ቀነ ገደብ የሚሠራው በትክክለኛው ጊዜ ከተቆረጠ ብቻ እንደሆነና ዋስትና እንደማይሰጥ አምኗል። ሕክምና መጨረስ ማለት ችግሩ ዳግም አይመጣም ማለት እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን።

የመጨረሻዎቹ ቀጠሮዎች

የኔ ምሳሌ እዚህ ላይ ይከሽፋል፤ ኮንክሪት ካሳፎርማው አይናፍቀውም፣ ሰው ግን ይናፍቃል። ምስጢሩን የሰማውን ሰው መለየት ሐዘን፣ ቁጣ፣ እፎይታና ኩራት ሊቀላቅል ይችላል። በተለይ ወላጁን በድንገት ያጣ ወይም ሳይሰናበቱት የተለዩት ሰው የድሮው ቁስል ሊቀሰቀስበት ይችላል። ሊያልቅ ሲል የቀድሞ ምልክቶች ብቅ ቢሉም ሕክምናው ከሸፈ ማለት ላይሆን ይችላል፤ መነጋገሪያ ግን መሆን አለበት። ቀኑ አስቀድሞ የታወቀ፣ በግልጽ የተነገረ ስንብት ለብዙ ሰው የመጀመሪያው ደህና መለያየት ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ማቆም ካሰባችሁ በቀጠሯችሁ ላይ ተናገሩ፤ “ላቆም አስቤያለሁ፣ አንድ ሁለቴ እናውራበትና ይሁን” ማለት ይበቃል። ያልተሻላችሁ ከሆነም ይህንኑ ንገሩ፤ ዘዴው ሊቀየር ወይም ወደ ሌላ ባለሙያ ልትላኩ ትችላላችሁ። ከመለያየታችሁ በፊት ሦስት ነገር አብራችሁ ጻፉ፦ ምን እንደተለወጠ፣ ችግሩ ሲመለስ በምን እንደምታውቁት፣ እና መቼ ተመልሳችሁ እንደምትደውሉ። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ካለ ግን የማቆሚያ ጊዜ አይደለም፤ ሳትዘገዩ ወደ ሆስፒታል ሂዱ።

እኔ በስምንተኛው ወር ደወልኩ። የተዘጋጀሁት ለወቀሳ ነበር፤ እሷ ግን “እንኳን ደህና መጣህ፣ ማክሰኞ ይመችሃል?” ብቻ አለችኝ። አምስት ጊዜ ተገናኘን፤ በአምስተኛው ቀን አንድ ገጽ ጽፈን በወጉ ተሰነባበትን። ገጹ ላይ “ሦስት ሌሊት በተከታታይ ስምንት ሰዓት ላይ ከነቃሁ እደውላለሁ” ይላል። እስካሁን አልደወልኩም፤ ካስፈለገ ግን በዚህኛው ጊዜ አላፍርም።