በተራራው መንገድ የሚሄዱት እነማን ናቸው?

ብዙዎቻችሁ ሐርጌሳ የደረሳችሁት ረጅም መንገድ አቋርጣችሁ ነው። ያ ጉዞ ግዴታ እንጂ መዝናኛ አልነበረም። ታዲያ ገንዘብ ከፍሎ፣ ብርድ እየመታው፣ ለቀናት በእግሩ የሚጓዝ ሰው አለ ብትባሉ ምን ትላላችሁ?

እንዲህ ያለ መንገድ በሰሜን ጎንደር አለ። ከደባርቅ ተነሥቶ በሳንቃበር፣ በግጭና በጨነቅ በኩል አድርጎ ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍታ ወዳለው ወደ ራስ ዳሽን ይዘልቃል። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1969 ተቋቁሞ በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

በዚህ መንገድ የሚሄዱት ሰዎች ዓላማ ግን ልዩ ልዩ ነው። ጎብኚው ዋልያን፣ ጭላዳ ዝንጀሮንና ገደሉን ለማየት፣ ንጹሕ አየር ለመቀበል፣ ጉልበቱንም ለመፈተን ይመጣል። መንገድ መሪው፣ ጠባቂውና ባለበቅሎው አብረውት የሚሄዱት ለእንጀራቸው ነው። ገበሬው እህሉን ጭኖ ወደ ገበያ፣ ልጁም ደብተሩን ይዞ ወደ ትምህርት ቤት ይሄድበታል።

ሰላም ሲጠፋ በመጀመሪያ የሚቀረው ጎብኚው ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ጦርነት በተነሣ ጊዜ ይህ ታይቷል። ከጎብኚው ጋር የባለበቅሎው ገቢም ይቀራል። ገበሬውና ተማሪው ግን ሌላ መንገድ ስለሌላቸው መሄዳቸውን አይተዉም። እንግዲህ ለመዝናናት መሄድ ሥራ ፈትነት ሳይሆን የሰላም ምልክት ነው።

እናንተም ዓርብ ዓርብ ከቤተሰብ ጋር ወጣ ብላችሁ፣ የናሳ ሀብሎድን መንታ ኮረብቶች እያያችሁ ጥቂት ተራመዱ። በዚህኛው ጉዞ መቼ እንደምትመለሱ የምትወስኑት እናንተ ናችሁ።