ሳይነኩ መለካት፦ ክላምፕ ሜትርና ከፍተኛ ቮልቴጅ



ዛሬ የማስረዳው ስለ አንድ የእጅ መሣሪያ ቢሆንም፣ የተያያዘው ከሰው ሕይወት ጋር ነው። ክላምፕ ሜትር የኤሌክትሪክን ፍሰት ሽቦ ሳይቆረጥ፣ መስመርም ሳይቋረጥ ይለካል። ከዚህም የተነሣ «ሽቦውን ስለማይነካ አደጋ የለውም» የሚል እምነት ሲነገር ይሰማል። ይህ እምነት የተሳሳተ መሆኑን ከመሣሪያው አሠራር ተነሥቼ ላሳያችሁ እወዳለሁ።

ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 እንዳሳየው፣ የሚለዋወጥ መግነጢሳዊ መስክ በጥቅል ሽቦ ውስጥ ቮልቴጅ ይፈጥራል። የተለመደው የተለዋዋጭ ፍሰት ክላምፕ ሜትርም መንጋጋው የብረት ኮርና ጥቅል ሽቦ የያዘ ትራንስፎርመር ነው፤ የታቀፈው ሽቦ የዚሁ ትራንስፎርመር ፕራይመሪ ይሆናል። ስለዚህ መታቀፍ ያለበት አንድ ሽቦ ብቻ ነው። ፌዙና ኒውትራሉ አብረው ከታቀፉ ፍሰታቸው ተቃራኒ በመሆኑ የአንዱ መስክ የሌላውን ይሽረዋል፤ ንባቡም ወደ ዜሮ ይወርዳል። ጭነት የሌለበት፣ ቮልቴጅ ግን ያለበት መስመርም እንዲሁ ዜሮ ያስነብባል። እንግዲህ የክላምፕ ሜትር ዜሮ መስመሩ ለመጥፋቱ ማረጋገጫ ሊሆን አይችልም።

በመሣሪያው ላይ ሁለት ዓይነት ቁጥሮች ተጽፈው እናገኛለን። አንደኛው፣ ለምሳሌ 1000 አምፔር፣ ሊለካ የሚችለውን ፍሰት ይገልጻል። ሁለተኛው፣ ለምሳሌ ካት 3 - 1000 ቮልት፣ ካት 4 - 600 ቮልት፣ ኢንሱሌሽኑ በተለያየ የተከላ ስፍራ ሊቋቋም የሚችለውን ቮልቴጅ ያመለክታል። በአገራችን የስርጭት መስመሮች 15 እና 33 ኪሎ ቮልት ይገኛሉ። በ15 ኪሎ ቮልት መስመር አንዱ ፌዝ ከምድር አንጻር ወደ 8.7 ኪሎ ቮልት ይጠጋል። የሚያልፍበት ፍሰት 40 አምፔር ብቻ ቢሆን ለመሣሪያው ቀላል ነው፤ ቮልቴጁ ግን ከአቅሙ ብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ በመሣሪያውና በያዘው እጅ በኩል ወደ ምድር መንገድ ሊያገኝ ይችላል።

ታዲያ እንዴት እንለካ? ከፍተኛ ቮልቴጁ በሌለበት ቦታ። በማከፋፈያ ጣቢያ የተተከለው የከረንት ትራንስፎርመር መጠኑ 200/5 ከሆነና በሴኮንደሪው ሽቦ ላይ 3 አምፔር ካነበብን፣ በ40 አባዝተን የዋናው መስመር ፍሰት 120 አምፔር መሆኑን እናውቃለን። የዚህ ትራንስፎርመር ሴኮንደሪ ጭነት ተሸክሞ ሳለ ፈጽሞ መከፈት የለበትም፤ ከተከፈተ የፕራይመሪው ፍሰት በሙሉ ኮሩን በመግነጥ ላይ ስለሚውል በተከፈተው ጫፍ አደገኛ ቮልቴጅ ይነሣል። ክላምፕ ሜትር እዚህ ላይ ተመራጭ የሚሆነውም ሳይከፍት ስለሚለካ ነው። በመስመሩ ላይ በቀጥታ መለካት ግድ ሲሆን፣ ለዚያ ቮልቴጅ በተፈተነ የኢንሱሌሽን ዘንግ ጫፍ ላይ የሚገጠም ልዩ መለኪያ ያስፈልጋል፤ ሥራውም የሠለጠነ ባለሙያ ድርሻ ነው።

በዝቅተኛ ቮልቴጅም ቢሆን መንጋጋው አለመሰንጠቁንና አለመርጠቡን እንመርምር፤ ተገቢውን ጓንትና የፊት መከላከያ እናድርግ፤ ጣታችንም ከመከላከያው ጠርዝ አይለፍ። «ስንት አምፔር ነው?» ብለን ከመጠየቃችን በፊት «ከምድር አንጻር ስንት ቮልት ነው?» ብለን መጠየቅን ልማድ እናድርግ።