የጉንጉን ራስ ማሰሪያ ስንት ሰዓት ይበላል?

ግንባርንና ጆሮን ብቻ የሚሸፍነው፣ በመሐሉ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ ጌጥ የሚወርድበት የሱፍ ራስ ማሰሪያ ለነጋዴ ዓይን ቀላል ዕቃ ይመስላል። አንዱ ከ40 ግራም እምብዛም አይበልጥም፤ መቶው ተጠቅልሎ አንድ ማዳበሪያ አይሞላም። ኮፍያ ፀጉር ሲደፈጥጥ ይህ ግን ሹሩባ የተሠራችውንም ሆነ ፀጉሯን ወደ ኋላ የጠቀለለችውን ሴት አያስቸግርም። በሚኒያፖሊስ በረዶ ለሚመላለስ ዘመድ ከሚላኩ ዕቃዎች መካከልም ቢገባ ቦታ አይዝም። ስለዚህ ዕቃው ገዥ አያጣም። ትዕዛዙን የሚያበላሸው ነጋዴው ክሩን መዝኖ ዋጋ መቁረጡ ነው።

ለመሆኑ እንዴት ይሠራል? መካከለኛ ውፍረት ያለው የሱፍ ክርና 5 ሚሊ ሜትር የሹራብ መርፌ እንያዝ። ሠሪዋ በመርፌው ላይ 24 የክር ቀለበቶች አስገብታ ትጀምራለች። ከእነዚህ 12ቱ ስድስት ስድስት ሆነው ሁለት ጉንጉን ያወጣሉ፤ የቀሩት ጠርዝና መደብ ናቸው። የመደቡ ቀለበቶች ተገልብጠው ስለሚሠሩ ጉንጉኑ ከፍ ብሎ ይታያል። በየ8 ረድፉ ከስድስቱ ሦስቱን ወደ አንዲት አጭር ረዳት መርፌ ታሳልፍና ከፊት ለፊት አንጠልጥላ ትተዋቸዋለች፤ ቀጥላ ያሉትን ሦስቱን ትሠራና ወደ ተንጠለጠሉት ትመለሳለች። ሦስቱ በሦስቱ ላይ ተሻገሩ ማለት ነው። ምስጢሩ ይኸው ነው፤ አንድ ጊዜ መሻገሪያው ረድፍ ከተዘነጋ ወይም ሦስቱ በፊት በኩል መሆናቸው ቀርቶ በኋላ ከተያዙ ግን ስህተቱ ከሩቅ ይታያል፤ እስከዚያ ድረስ መተርተር ግድ ይሆናል።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። ሹራብ ስለሚለጠጥ ዙሪያው 56 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ራስ 48 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ይበቃል። በየ10 ሴንቲ ሜትሩ 24 ረድፍ ያህል ስለሚገባ ጠቅላላው ወደ 115 ረድፍ ይደርሳል፤ በ24 ሲባዛ 2,760 ቀለበት ነው። ደህና እጅ ያላት ሴት በደቂቃ 20 ቀለበት ብትሠራ ሁለት ሰዓት ከ18 ደቂቃ ይፈጅባታል። ሃያ ስምንቱ መሻገሪያዎችና የጫፍ ስፌቱ ሲጨመሩ ሦስት ሰዓት ሞላ። ክሩ ግን ምንም ያህል አይደለም። 200 ሜትር ከሚሆን ባለ 100 ግራም ልቃቂት ሁለቱ ያለ ሥጋት ይወጣሉ።

ለምሳሌ ለአንዱ የሚሆን ክር 100 ብር ቢወጣበትና የእጅ ሰዓት በ60 ብር ቢታሰብ፣ እጁ ብቻውን 180 ብር ነው። ማጠቢያ፣ ማሸጊያ፣ ማጓጓዣና የደላላ ኮሚሽን ገና አልተነኩም። ክሩን በእጥፍ ጨምሬ በ200 ብር እረከባለሁ የሚል ነጋዴ በራሱ ግምት ለጋስ ነው፤ ሠሪዋ ግን በሰዓት 33 ብር ላይ ወድቃለች። የመጀመሪያውን ትዕዛዝ ትጨርስለት ይሆናል፤ ሁለተኛው ሲመጣ ሌላ ሥራ ይዛለች።

የማስረከቢያው ቀንም የሚወድቀው በዚሁ ስሌት ነው። የቤቷን ሥራ ሳትተው የምትሠራ ሴት በቀን ከሁለት በላይ ማውጣት ይከብዳታል። አሥር ሴቶች በቀን 20፣ አምስት መቶው ደግሞ 25 የሥራ ቀን መሆኑ ነው፤ የሚተረተረው ሳይቆጠር። በአውሮፓና በአሜሪካ የሚሸጥ ከሆነ የእነርሱ ብርድ የሚጀምረው የእኛ ክረምት ካለፈ በኋላ ስለሆነ ሥራው በሰኔና በሐምሌ መጀመር ይኖርበታል። የአገር ውስጡ ገበያ ዘግየት ይላል፤ አዲስ አበባም ሆነ ደብረ ብርሃን ጠዋት ጠዋት የሚቆረጥመው ብርድ ከኅዳር እስከ ጥር ነው።

ገዥ ለጉንጉኑ ለምን ይጨምራል? አንደኛው ምክንያት ሙቀቱ ነው። ክሩ በተሻገረበት ቦታ ሹራቡ ይደረባል፤ በዚያው መጠን ደግሞ ይሰበሰባል። ያለ ጉንጉን 13 ሴንቲ ሜትር ግድም ስፋት የሚሰጡት 24 ቀለበቶች ተጎንጉነው ወደ 10 ይወርዳሉ። ሁለተኛው ምክንያት ወሬው ነው። በአየርላንድ የአራን ደሴቶች ስም የሚሸጠው ባለ ጉንጉን ሹራብ ፈላጊው የበረከተው የክላንሲ ወንድሞች የተባሉት ዘፋኞች በ1961 እ.ኤ.አ. ያንኑ ለብሰው በአሜሪካ ቴሌቪዥን በኤድ ሰሊቫን ትርኢት ከቀረቡ ወዲህ ነው። እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱ ጉንጉን ነበረው የሚለው ተረት የታሪክ ማስረጃ የለውም፤ እስከ ዛሬ ግን ሹራብ ይሸጣል።

ሆኖም ጉንጉን መኖሩ ብቻ ዕቃው የእጅ ሥራ ለመሆኑ ዋስትና አይሆንም፤ ፋብሪካም ያወጣዋል። ከፋብሪካው የአክሪሊክ ዕቃ ጋር በዋጋ እወዳደራለሁ ማለት ከንቱ ድካም ነው። የሚያዋጣው ጥሩ ሱፍ ይዞ ሌላ ገዥ መፈለግ ነው። ሱፍ የክብደቱን ሲሶ ያህል እርጥበት ይዞ እንኳ ብዙም አይቀዘቅዝም፤ አክሪሊክ ይህ ጠባይ የለውም።

የመንዝ በግ ሱፍስ? ለባናና ለምንጣፍ የታወቀ ነው፤ ለግንባር ግን ሻካራ ነው። ከ30 ማይክሮን የወፈረ ጭገር ቆዳ ይወጋል። በአገር ሱፍ መሥራት የሚፈልግ ከውስጥ በኩል ለስላሳ የጥጥ ገበር ቢያስገባበት ይሻለዋል፤ የገበሩን ስፌት ሰዓትም ይቁጠር።

ንጹሕ ሱፍ ነው ተብሎ የቀረበ ክር ሲያጠራጥር ጫፉን ቆርጦ በክብሪት ማየት ነው። ሱፍ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ አመዱም በጣት ሲያሹት ይደቃል። አክሪሊክ ይቀልጥና ሲቀዘቅዝ እንደ ጠጠር ይደርቃል፤ ሁለቱ ተቀላቅለው ከሆነም ያው ጠጠር በአመዱ መሐል ለጣት ይታወቃል።