ሰሙ ቀርቶ ወርቁ ሲጠፋ፦ በድሮ ካርቱኖች ውስጥ የተረሱ ቀልዶች

ልጅ ሳለሁ መካነ ሰላም ውስጥ ዲሽ የነበረው ጎረቤታችን ቤት ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ቶምና ጄሪን ለማየት እዚያ እንሰበሰባለን። አያቴም ጋቢዋን ደርባ ከኋላችን ትቀመጣለች። ግዙፉ ውሻ ብቅ ሲል «መጣ ትሬንታ ኳትሮው!» ትላለች፤ እኛም ከት ብለን እንስቃለን። ትሬንታ ኳትሮ ምን እንደሆነ ግን ማናችንም አናውቅም ነበር። የሳቅነው ቃሉ ራሱ ስለሚያስቅ ነው።

ነገሩ የገባኝ ምሕንድስና ስማር ነው። ትሬንታ ኳትሮ በጣልያንኛ 34 ማለት ነው። በወረራው ዘመን ወደ አገራችን የገባ ፊያት 634 የሚባል ከባድ የጭነት መኪና ነበር፤ ሰው ቁጥሩን አሳጥሮ ስም አወጣለት። አያቴ በልጅነቷ ደሴ ሄዳ አይታዋለች። ለእሷ በዚያ አንድ ቃል ውስጥ ጩኸቱም፣ ጭሱም፣ ግዝፈቱም አለ። ለእኛ ግን ድምፅ ብቻ ነበር።

የሚገርመው፣ እያየነው የነበረው ዓይነት ካርቱንም በእንደዚህ ያሉ ቃላትና ምስሎች የተሞላ መሆኑ ነው።

ካርቱኖቹ ለማን ተሠሩ?

ዛሬ ካርቱን ስንል ልጆች ትዝ ይሉናል። እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ እስከ 1950ዎቹ የተሠሩት ታዋቂ የአሜሪካ ካርቱኖች ግን የተሠሩት ለሲኒማ ቤት ነው። ርዝመታቸው ሰባት ደቂቃ ገደማ ሲሆን ከዋናው ፊልም በፊት ይታዩ ነበር። ተመልካቹ አዋቂም ልጅም ስለነበረ ሠሪዎቹ የሚቀልዱት ሁሉም በሚያውቀው ነገር ነው፦ በጊዜው ተዋናይ፣ በሬዲዮ ፕሮግራም፣ በጦርነቱ ራሽን። ከ80 ዓመት በኋላ መካነ ሰላም ውስጥ ልጆች ያዩታል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ሁለት ምሳሌ ልስጣችሁ። ጥንቸሉ ባግስ ባኒ ካሮት እያኘከ፣ አፉ ሞልቶ ሲያወራ አይታችኋል አይደል? ይህ ሁኔታ የተወሰደው እ.ኤ.አ. በ1934 ከወጣው «ኢት ሃፕንድ ዋን ናይት» ከተባለው ፊልም ነው። እዚያ ውስጥ ተዋናዩ ክላርክ ጌብል አጥር ተደግፎ ካሮት እየበላ በፍጥነት ያወራል። የዚያን ጊዜ ተመልካች ጥንቸሉን ሲያይ ጌብልን ያስታውስና ይስቃል። ዛሬ ጌብል ተረስቷል፤ ካሮቱ ግን ቀርቷል። እንዲያውም ብዙ ሰው የጥንቸል ዋና ምግብ ካሮት ይመስለዋል። እውነቱ ሌላ ነው። የጥንቸል ዋና ምግብ ሣር ነው፤ ካሮት ስኳር ስላለበት ብዙ መስጠት አይመከርም። አያችሁ፣ የተረሳ ቀልድ «የሳይንስ እውቀት» መስሎ ተቀመጠ!

ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ1943 የወጣው «ፎሊንግ ሄር» ነው። አውሮፕላን ወደ መሬት ይወረወራል፤ ሊከሰከስ ጥቂት ሲቀረው አየር ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ለምን? ነዳጅ አለቀበት! ባግስም መስታወቱ ላይ የተለጠፈውን የ«ኤ» ምልክት ያሳያል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካ ውስጥ ነዳጅ በራሽን ይሰጥ ነበር፤ «ኤ» የተለጠፈበት መኪና የሚደርሰው ጥቂቱ ነው። ያኔ ሲኒማ ቤት የተቀመጠው ሰው ከሳቀ በኋላ በራሱ መኪና ላይም ያው «ኤ» ሳይኖር አይቀርም። በደርግ ጊዜ በቀበሌ ራሽን ስኳር የገዛ ሰው ቀልዱን ቢነግሩት ወዲያው የሚገባው ይመስለኛል።

በግማሽ ምሳሌ ሙሉ መልእክት

አሁን ወደ እኔ ሙያ እንምጣ። እኔ «ድር ቢያብር…» ብዬ ባቆም እናንተ ምን ትላላችሁ? «አንበሳ ያስር» ትላላችሁ። ግማሹን ላክሁ፣ ሙሉው ደረሳችሁ። ቀሪው ግማሽ ከየት መጣ? ከራሳችሁ ጭንቅላት።

እ.ኤ.አ. በ1948 ክሎድ ሻነን የተባለ መሐንዲስ ይህን ዓይነቱን ነገር በሒሳብ አስቀመጠው፦ ተቀባዩ አስቀድሞ በእርግጠኝነት የሚገምተው ነገር አዲስ መረጃ የለውም፤ ስለዚህ መላክ አያስፈልግም። ፋይል የሚያሳንሱ ፕሮግራሞች በዚሁ መርህ ይሠራሉ። አንዳንዶቹ እንዲያውም ላኪውና ተቀባዩ ዘንድ አንድ ዓይነት መዝገበ ቃላት አስቀድሞ ይቀመጥና ከዚያ የሚላከው የቃሉ ተራ ቁጥር ብቻ ይሆናል። በጣም ይቆጥባል። ግን አንድ አደጋ አለው። መዝገቡ ከጠፋ ቁጥሩ ትርጉም የለውም።

የካርቱን ሠሪዎቹም ሰባት ደቂቃ ብቻ ነበራቸው። ስለዚህ ካሮቷን አሳይተው ጌብልን ከተመልካቹ ጭንቅላት አስመጡት። መዝገቡ ያለው ሰው ላይ ነው፤ ሰው ደግሞ ያልፋል።

ታዲያ እኛ ለምን ሳቅን? ካርቱኑ በአንድ ጊዜ ሁለት መልእክት ስለሚልክ ነው። አንዱ መውደቅ፣ መጋጨት፣ መሮጥ ነው፤ ይህ መዝገብ አይፈልግም፤ መሬት ሆሊውድም መካነ ሰላምም ያው ትስባለች። ሌላው ቁልፍ የሚፈልገው ነው። ሰምና ወርቅ በሉት። በቅኔ ሰሙ ቀልጦ ወርቁ ይቀራል፤ እዚህ ግን ወርቁ ጠፍቶ ሰሙ ቀረ።

ናምሩድ ማን ነው?

አንዳንዴ ደግሞ ቁልፉ ከላኪው አገር ጠፍቶ እኛ ጋ ይገኛል። ሻነን ጽሑፉን ባወጣበት በዚያው 1948 በወጣው «ዋት ሜክስ ዳፊ ዳክ» ዳክዬው ዳፊ አዳኙን ኤልመር ፈድን «ናምሩድ» ይለዋል። ኤልመር ተኩሶ የማይመታ፣ ሁልጊዜ የሚሞኝ አዳኝ ነው። ቦረና፣ ሳይንት ወይም ከላላ ውስጥ ቄስ ትምህርት ቤት የገባ ልጅ ናምሩድን ከኦሪት ዘፍጥረት ያውቀዋል፦ የኩሽ ልጅ፣ ኃያል አዳኝ። ሙስሊም ጓደኛውም ከነቢዩ ኢብራሂም ጋር የተከራከረው ንጉሥ ብሎ ያውቀዋል። ዳፊ እያሾፈ ነው፤ «አንተ ጀግና!» እንደ ማለት።

ዛሬ ግን በአሜሪካ የሰፈር ቋንቋ «ናምሩድ» ማለት «ጅል» ማለት ነው። ቃሉ ከካርቱኑ በፊትም አልፎ አልፎ ለፌዝ ይውል ነበር፤ ካርቱኖቹ ይበልጥ እንዳሰራጩት ግን ብዙዎች ይናገራሉ። መዝገቡ የሌለው ተቀባይ ዝም አይልም፤ ይገምታል። «ይህ ሰውዬ ሁሌ ይሞኛል፣ ናምሩድ ተባለ፣ ስለዚህ ናምሩድ ጅል ነው።» ግምቱ ብልህ ነው፤ ግን ስህተት ነው።

የእኛስ መዝገብ?

እኛም ዘንድ ያው ነው። አንድ ኮሜዲያን ዛሬ መድረክ ላይ ወጥቶ «የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች» ቢል ወላጆቻችሁ ፈገግ ይላሉ፤ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለ42 ዓመታት ልጆችን ያስተማሩት፣ በ2009 ዓ.ም. ያረፉት ተስፋዬ ሣህሉ፣ አባባ ተስፋዬ፣ ትዝ ይሏቸዋል። ታናሽ እህታችሁ ግን «ምን ያስቃል?» ልትል ትችላለች።

አያቴ ጄሪንም በአንድ ሰው ስም ትጠራው ነበር። አይጡ አምልጦ ጉድጓዱ ሲገባ ያንን ስም ትጠራና እሷም፣ ጎረቤቶቿም እንባ እስኪወጣቸው ይስቃሉ። ማን ነበር? ሰፈር ውስጥ የታወቀ ብልጥ? ከዕዳ የሚሸሽ ነጋዴ? ስለ ትሬንታ ኳትሮ ጠይቄያታለሁ። ይህን ሳልጠይቃት አረፈች። ስሙን ዛሬም አስታውሰዋለሁ፤ መዝገቡ ግን የለኝም።

እስቲ እናንተ ዛሬ ማታ አንድ ነገር አድርጉ። ቤት ውስጥ ትልልቆቹ ብቻ የሚስቁበትን አንድ ቃል ምረጡና «ይሄ ለምንድን ነው የሚያስቀው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን ከነገራችሁ ሰው ስምና ከቀኑ ጋር ደብተር ላይ ጻፉት። እኔም በሚቀጥለው መካነ ሰላም ስሄድ ከአያቴ ጋር ይስቁ የነበሩትን አንዲት ጎረቤት ልጠይቅ ነው። እሳቸው ገና አሉ።